ባለ ቢጫ እግሯ ወፍ

ቀጮ በፍሳሽ ማጣሪያው ኩሬዎች ላይ ሃያ ስምንት ዓመት ሠርቷል፤ ሁሌም በጠዋቱ ፈረቃ። የከሰዓቱ የታላቅ ወንድሙ ነበር። የውሃውን ከፍታ ያነባሉ፣ መዝጊያ ያጠብቃሉ፣ ያላላሉ፣ ቱቦ የዘጋውን ቆሻሻ ይጎረጉራሉ። ሽታውን አፍንጫቸው ከለመደው ቆይቷል። ታላቁማ "እኛ ላይ ሽቶ መርጨት ማባከን ነው" እያለ ይቀልድ ነበር።

በጥበቃ ክፍሉ መሳቢያ ውስጥ የሁለቱ የሆነ አንድ ደብተር አለ። በየክረምቱ ማለቂያ ከሩቅ አገር መጥተው ኩሬው ጭቃ ላይ የሚያርፉትን ወፎች የሚጽፉበት ነው። ቀጮ ጠዋት ያየውን ይጽፋል፣ ታላቁ ከሰዓት ያየውን ያክልበታል። እርግጠኛ ያልሆኑበትን ግን አይጽፉም።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ድንቢጥ የምታክል፣ ጭቃውን በምንቃሯ እየወጋች የምትለቅም አንዲት እንግዳ ወፍ መጣች። ቀጮ "እግሯ ጥቁር" ብሎ ጻፈ። በማግስቱ ደብተሩን ሲከፍት ከሥሩ የወንድሙን ጽሕፈት አገኘ፤ "እግሯ ቢጫ ነው። እዚህ ታይታ የማታውቅ ዓይነት ናት" ይላል። ደሙ ፈላ። የሩቅ ማያ መነጽሩን ይዞ ወጣ፣ ወፏን ድጋሚ አያት፤ ጥቁር ነው። ተመልሶ የወንድሙን መስመር በቀይ እስክርቢቶ ሰረዘና ጎኑ ላይ "የለችም" ብሎ ጻፈ።

"ቢጫ ካልሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው" አለ ታላቁ ፈረቃ ሲቀያየሩ።

"ድሮስ ምን ዓይን አለህና ጋሼ?" አለው ቀጮ፣ ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት።

ሁሉም ሳቀ። ታላቁም ፈገግ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ደብተሩን አልነካም። ሰላምታቸው አልተቋረጠም፣ ጨዋታቸው ግን ቀረ። እልህ ምላጭ ያስውጣል እንደሚባለው፣ ቀጮም ምን እንዳየ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀውም።

ባለፈው ክረምት ታላቁ በልብ ሕመም ሞተ። ምትክ ስላልተቀጠረለት ሁለቱም ፈረቃ ቀጮ ላይ ወደቀ።

ዘንድሮ ያቺው ዓይነት ወፍ መጣች። ቀጮ ጠዋት "እግሯ ጥቁር" ብሎ ጻፈ። ስምንት ሰዓት ላይ፣ በወንድሙ ሰዓት፣ መዝጊያውን ከፍቶ ውሃውን ለቀቀ። ወፏ አልሸሸችም። ውሃው እስከ ሆዷ ሲደርስ ትንሽ ተንቦጫረቀችና ደረቁ ሲሚንቶ ላይ ወጥታ ቆመች። ቀጮ መነጽሩን አነሳ።

እግሯ ቢጫ ነበር። ጥቁሩ ጭቃው ነው። እሱ ሁሌም ውሃው ሳይለቀቅ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር።

ሥራው እንዳለቀ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ወደ ወንድሙ ሚስት ቤት ሄደ። የሟቹን የሥራ ልብስ እያጣጠፈች አገኛት።

"እትዬ፣ እግሯ ቢጫ ነው" አለ።

የማን እግር እንደሆነ አልጠየቀችውም። "ጭቃ ነው አይደል?"

"ታውቂ ነበር?"

"እሱ በሳምንቱ ገባው። 'ጠዋት ስለሚያያት ነው እንጂ ልጁስ አልዋሸም' አለኝ። ታዲያ ንገረዋ ስለው፣ 'ሆድ ይፍጀው፣ ሲጠይቀኝ እነግረዋለሁ' አለ።"

እትዬ ያጣጠፈችውን ልብስ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

"ወፎቹ በሚመጡበት ሰሞን ምሳውን ለሁለት ነበር የሚያስቋጥረኝ። 'ዛሬ ይቆይ ይሆናል፣ አብረን እናያታለን' ይላል። ማታ ባዶ ሆኖ የሚመለሰው ሳህን ግን አንዱ ብቻ ነበር።"

ቀጮ ከአንጀቱ አለቀሰ። ሲበርድለት ደብተሩን ከፍቶ በተሰረዘው መስመር ሥር "ነበረች" ብሎ ሊጽፍ ሞከረ፤ ከመጀመሪያው ፊደል ግን አላለፈም። እትዬ እስክርቢቶውን ተቀብላ ጻፈችለት።