ሌባ ሳይመጣ የሚጮኸው ቤት

ባለፈው ሳምንት ወልዲያ፣ እኔ የምሠራበት የሞባይል ዕቃ መሸጫ ሱቅ ግራና ከምትባለው ትንሽ ከተማ አንድ ሽማግሌ መጡ። በፌስታል የጠቀለሉትን ካርቶን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡና «ልጄ፣ ይህን ነገር ታውቂዋለሽ?» አሉኝ። ከፍቼ ሳየው የቤት መጠበቂያ አላርም ነው፤ አንድ ነጭ ሣጥን፣ ጩኸቱ የሚወጣበት ጡሩምባ፣ በር ላይ የሚለጠፉ ማግኔቶች፣ እና የቁልፍ ቀለበት ያላት ትንሽዬ ሪሞት። ልጃቸው ከዱባይ ልካላቸው ነው። ማወቅስ አውቀዋለሁ። ባላውቀው ደስ ባለኝ።

ሪሞቷን ከሣጥኑ ጋር አገናኘሁና፣ ትሠራ እንደሆነ ልይ ብዬ የደወል ሥዕል ያለባትን በተን ስጫን አላርሙ ሱቁን አናወጠው። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው መቀሱን ጥሎ ወጣ። ከበሩ ፊት ለፊት ቲማቲም የምትሸጠው ሴትዮ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች። ነገሩ ሲገባቸው ሳቁ፤ ሰደቡኝም። «አንቺ ልጅ፣ የተረፈችንን ነፍስ ልታወጪ ነው?» አለኝ ልብስ ሰፊው። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ይህን ጩኸት መጀመሪያ የሰማሁት በጦርነቱ ክረምት፣ መርሳ ሳለሁ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ፣ ሥራም ተጨማሪ ትምህርትም ሳይኖረኝ፣ አክስቴ ዘሃራ ቤት እኖር ነበር። እናቴ ገና ሕፃን ሳለሁ ስለሞተች ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ አንቱ እያልኩ ነው ያደግኩት። ቤታቸው ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ይላል፤ ከፊት ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡባት አንዲት ክፍል፣ ከኋላ ማንጎና ፓፓያ የበቀለበት ጓሮ። ባላቸው ሞተዋል። አንዲት ልጃቸው ሰኪና ሪያድ ናት።

ክረምት ነው። ማሽላው ከጉልበት አልፎ ሜዳው በሙሉ አረንጓዴ ሆኗል። ዝናብ ሲያባራ ከመሬቱ የሚነሳው ሽታ ልብ ያረሰርሳል፤ በሰላም ጊዜ ቢሆን። በዚያ አረንጓዴ መሃል፣ በአስፋልቱ ላይ፣ ከራያና ከቆቦ የተፈናቀለ ሰው ወደ ደሴ ይጎርፋል፤ ፍራሽ የተሸከመ፣ ፍየል የሚጎትት፣ ልጅ ያዘለ። አክስቴ ፓፓያ እየቆረጡ መንገድ ዳር ያድላሉ። «ብሉ፤ አብሽሩ» ይሏቸዋል። እኔ አጠገባቸው ቆሜ «እኛስ መቼ ነው የምንሄደው?» እላለሁ። ያን ክረምት ሌላ ወሬ አልነበረኝም። እግሬ ቤት ውስጥ አልቆም ብሎኝ ነበር።

ሰኪና ከሪያድ እየደወለች ታለቅሳለች። «እማ፣ ውጪ! ለቤቱ ብለሽ ነው? ለቤቱማ አላርም ልኬልሽ የለም እንዴ? ያቺ ልጅ ትግጠመው!» አላርሙ ከጦርነቱ ወሬ በፊት በሰው እጅ የመጣ ነው፤ ከነካርቶኑ አልጋ ሥር ተኝቷል። አክስቴ ስልኩን ዘግተው እኔን አዩኝ።

«እንግዲህ ይህ ነገር ቤት ይጠብቃል ብላችኋል» አሉ። «ሠራ ያልሽኝ ዕለት ጓዜን ሸክፌ እነሳለሁ።»

ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። አሁን ነገሩ በእኔ እጅ ገባ። አላርሙን ካሠራሁት አክስቴ ይወጣሉ፤ ካላሠራሁት ጦርነቱ እዚያው ቁጭ እንዳልን ይደርስብናል።

መመሪያው ወረቀት ግማሹ የቻይና ጽሑፍ ነው፣ ግማሹ ደግሞ ጉንዳን የሄደችበት የሚመስል እንግሊዝኛ። ማግኔቶቹን በርና መስኮት ላይ ለጠፍኩ፤ ጡሩምባውን ከጣሪያው ክዳን ሥር በሚስማር መታሁ። መብራት መጣ ሄደ ይል ስለነበር ሣጥኑን ባገኘሁት ሰዓት ሁሉ ቻርጅ አደረግኩ። ያስቸገረችኝ ሪሞቷ ናት። አራት በተን አላት፦ የተዘጋ ጋን ቁልፍ፣ የተከፈተ ጋን ቁልፍ፣ ጎጆ፣ ደወል። ወረቀቱ እንደሚለው ሣጥኑና ሪሞቷ መተዋወቅ አለባቸው። ሣጥኑ ላይ አንዱን ነገር ተጭነሽ ትይዣለሽ፣ ቀይ መብራት ብልጭ ሲል ሪሞቷን ትጫኛለሽ፣ ጢጥ ካለ ተዋወቁ ማለት ነው። እኔ ስይዝ መብራቱ አይበራም፤ መብራቱ ሲበራ ሪሞቷን ያስቀመጥኩበት ይጠፋኛል። በመጨረሻ ጢጥ አለ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

አክስቴ ሪሞቷን ተቀብለው አገላብጠው አዩዋት። «ቀለበት አላት፤ ጥሩ ነው፣ አትጠፋም» ብለው ደረታቸው ውስጥ ሸጎጧት።

በማግስቱ ጠዋት ቤቱ ጮኸ። ሌባ የለም፤ በሩ ዝግ ነው፤ አክስቴ ጓሮ ውኃ እየቀዱ ነበር። ሮጬ ሄጄ ሣጥኑን አጠፋሁት። ቀትር ላይ ዙሁር ሲሰግዱ ደግሞ፣ ግንባራቸው መስገጃውን ከመንካቱ፣ ያ ጩኸት እንደገና። አክስቴ ንቅንቅ አላሉም። ሶላታቸውን ጨርሰው አሰላመቱና «ምን ሆነ ደግሞ?» አሉ፤ ልክ ዶሮ ቤት ገብታ የደፋችው ነገር እንዳለ ሁሉ።

እኔ ግራ ገባኝ። ማግኔቱ ላልቶ ይሆን ብዬ ነቅዬ መልሼ ለጠፍኩት። ድመቷን ጠረጠርኩ፤ አባረርኳት። ዝናቡን ጠረጠርኩ። አክስቴ ፊታቸውን አዙረው ከደረታቸው አላቀው የሰጡኝን ሪሞት ከሣጥኑ አስረስቼ እንደ አዲስ አስተዋወቅኳቸው። እጄ ላይ እያለች ዝም ትላለች፤ እንደ ጨዋ ልጅ። አክስቴ እጅ ገብታ ትንሽ ሲቆይ ቤቱ ይጮኻል። ሰው ይለያል ልበል? ዕቃ ሰው ይጠላል?

የከፋው ደግሞ ከተማው ነው። በዚያ ሰሞን ጆሮ ሁሉ ወደ ወልዲያ ነበር። አላርሙ ሲጮኽ ጎረቤት ጓዙን አንስቶ ይወጣል። አንድ ሚሊሻ ጠመንጃውን እንደያዘ ግቢያችን ገባ።

«ለማን ነው ምልክት የምትሰጡት?» አለ።

አክስቴ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «አንተ የሰይድ ልጅ አይደለህ? ጡት ስትጥል ገንፎ ያበላሁህ? ለማን ምልክት እሰጣለሁ፣ ለሟች ባሌ?»

ልጁ አፈረ። «እማማ፣ ዝም ብቻ አሰኙልን። ጠላት ሳይደርስበት ሰው በእናንተ ጩኸት እየሸሸ ነው» ብሎ ሄደ። እኔን ግን ዞሮ አየኝ፤ ያ አስተያየት አልጣመኝም። በዚያ ሰሞን ሰው በጥርጣሬ ብቻ ይታሰር ነበር።

ሰፈሩ ደግሞ አላርሙ ከተገጠመበት ቀን ጀምሮ ቀስ በቀስ እየተራገፈ ነበር። ሁሉም ከመሄዱ በፊት አክስቴን ሊሰናበት ይመጣል፤ በር ላይ ቆመው ያወራሉ፣ ይተቃቀፋሉ። አጥር የምንጋራቸው እትዬ ፀሐይ ሲመጡ እኔ መሰላል ላይ ሆኜ የጡሩምባውን ሽቦ እየፈተሽኩ ነበር። እትዬ ፀሐይ ክርስቲያን ናቸው፤ የጾም የፍስክ ሳይሉ ከአክስቴ ጋር ዕድሜ ልክ ሲጫወቱ የኖሩ።

«ዘሃራ፣ ልሄድ ነው። ልጆቹ አስጨነቁኝ።»

«ሂጂ እንጂ! እኔ አለሁ አይደል?»

«አንቺ ባትኖሪማ አልሄድም ነበር» አሉ እትዬ ፀሐይ፤ አለቀሱም። ከላይ ሆኜ የሁለቱን ሻሽ ብቻ ነው የማየው። ይህ ንግግር ጆሮዬ ገባ፤ ልቤ ግን ከሽቦው ጋር ነበር።

መኮንን የሚባል የሰፈራችን ልጅ አይሱዙ ይነዳል። እሱም መጣ። «እማማ ዘሃራ፣ ነገ ጠዋት የመጨረሻ ጉዞዬ ነው። ከዚያ ወዲያ መኪናውን እኔ ሳልሆን እነሱ ናቸው የሚነዱት። ቦታ ይዤላችኋለሁ።» ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ «አንቺ ኢንጂነር፣ ያ ዕቃሽ አሁንም ጥርሱን እያወጣ ነው?» አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ተኩሱ ከወልዲያ በኩል ጎልቶ ተሰማ። መኮንን በር ላይ የመኪናውን ጥሩምባ ይነፋል። እኔ ልብሳችንን በአንሶላ ቋጥሬያለሁ፤ አክስቴ የበሶውን ከረጢት ሊያነሱ ጎንበስ አሉ። ቤቱ ጮኸ። ያን ጊዜ ነው ዓይኔ ደረታቸው ላይ ያረፈው። እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱና፣ የሚቆረቁራቸውን ነገር ለማስተካከል፣ ሪሞቷን ወደ ውጪ ሳቧት። ብቻዋን አልወጣችም። ቀለበቷ ላይ የሰፈሩ ቁልፍ ሁሉ ተሰክቷል፤ ትልልቅ የብረት በር ቁልፍ፣ የጓዳ ቁልፍ፣ የሱቅ ቁልፍ፣ እያንዳንዱ በተለያየ ቀለም ክር የታሰረ። አክስቴ ባጎነበሱ ቁጥር ያ ሁሉ ብረት የደወሏን በተን ይጫናል።

«ይህ ምንድን ነው?» ብዬ ጮኽኩ፤ ከአላርሙ በላይ።

«ምኑ? ቀዩ ክር የፀሐይ ነው። ይህ የመምህሩ። አረንጓዴው የወፍጮ ቤቱ። ቀለበት ያላት ዕቃ ሰጠሽኝ፣ ምን ላድርግባት ኖሯል?»

ሳቄ መጣ፤ እንባዬም መጣ፤ የቱን ላስቀድም አላውቅም። ቁልፎቹን አውጥቼ በሻሻቸው ጫፍ ቋጠርኩላቸው። ሪሞቷን ብቻዋን ሞከርኳት፤ ዘጋች፣ ከፈተች፣ ዝም አለች። «ይኸው ሠራ! ሠራ! ተነሱ!»

አክስቴ መደቡ ላይ ተቀመጡ።

«አንቺ ሂጂ» አሉ።

«ምን?»

«የሰው አማና፣ የሰው አደራ በእጄ አለ። እኔ አለሁ ብያቸው እኮ ነው የሄዱት። ፀሐይ ያን ሁሉ ዕቃዋን ጥላ የወጣችው እኔን ቁጭ ብዬ አይታ ነው።»

«ታዲያ ‹ሠራ ያልሽኝ ዕለት እነሳለሁ› ያሉትስ?»

«ያኔ የራሴ ቁልፍ ብቻ ነበር በእጄ። የራሴን ቤት ላላርም እተዋለሁ። የሰውን ግን ለጩኸት ትቼ ልሂድ? ጩኸት ‹ይህ የፀሐይ ነው፣ አትንኩ› ይላል?»

እኔ አላርም ስፈታ ስገጥም ስሰነብት፣ እሳቸው ቁልፍ በቁልፍ እዚያ ቤት ውስጥ እየተቸነከሩ ነበር። መኮንን ራሱን በበሩ አስገባ። «ኧረ በአላህም በማርያምም ይሁንባችሁ! ተኩሱ አይሰማችሁም?»

ያን ጊዜ ከአፌ የወጣው ነገር ታስቦበት አይደለም። ቋጠሮዬን መሬት ላይ ጣልኩና «እኔም አልሄድም» አልኩ፤ እመደቡ ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አንቺማ እዚህ አታድሪም!»

«እርስዎ ካደሩ አድራለሁ።»

«ወጣት ሴት ነሽ! ወታደር ሲገባ ምን እንደሚሆን አታውቂም?»

«አውቃለሁ።»

አክስቴ የሻሻቸውን ጫፍ ይዘው ቁልፎቹን በጨርቁ ላይ አንድ በአንድ ዳሰሱ። ቀና ብለው እኔን አዩ። መልሰው ቁልፎቹን። እንደዚያ ቀን ያለ ፊት አይቼባቸው አላውቅም። ከዚያ ተነሱ፤ የበሶውን ከረጢት ለመኮንን ሰጡና በሩን ቆለፉ። ሪሞቷን እኔ ተጫንኩ። ጢጥ አለ። ባዶ ሰፈር ውስጥ ያቺ ድምፅ እንዴት እንደተሰማች!

ውርጌሳን፣ ውጫሌን አልፈን ሐይቅ ስንደርስ፣ ፊታቸውን ወደ ውኃው አድርገው፣ «አንቺን አደራ ብላ የሰጠችኝም እህቴ ናት» አሉ። ተቆጥተውኝ ይሁን አመስግነውኝ አልለየሁም።

ደሴ፣ ተፈናቃይ በሰፈረበት ትምህርት ቤት ግቢ፣ እትዬ ፀሐይ በጀሪካን ውኃ ይዘው ሲመጡ አክስቴን አዩ። ጀሪካኑን አስቀመጡና እላዩ ላይ ተቀመጡ።

«ወጣሽ?»

«ወጣሁ» አሉ አክስቴ። የሻሻቸውን ቋጠሮ ፈቱ። «ይኸው ቁልፍሽ። አልጠበቅኩልሽም። ውሰጂው።»

እትዬ ፀሐይ ቀዩን ክር ነካ አደረጉ። «እኔ ምን ላደርገው? እዚህ ሰው መሃል እጥለዋለሁ። አንቺው ያዥልኝ።»

አክስቴ መልሰው ቋጠሩት። ሌሎቹም ሲገኙ እንደዚያው አሉ።

ወራት አልፈው ስንመለስ ማሽላውን ወፍ ጨርሶታል። ከአላርሙ የቀረው ክዳኑ ሥር የመታሁት ሚስማር ነው። ሱቁ ባዶ፣ ሰፈሩ ባዶ። የእትዬ ፀሐይ የብረት በር ከነመቃኑ ተነቅሎ ተወስዷል። አክስቴ ያም ሆኖ ቤት ለቤት እየዞሩ ቁልፍ መለሱ፤ በር ለሌለውም። እትዬ ፀሐይ ቁልፉን ተቀብለው፣ በሩ የነበረበትን ክፍት አይተው፣ «እሱስ ቢሆን ዝግ ነው ብዬ አልመጣሁም» ብለው ሳቁ። አክስቴ ግን አልሳቁም።

በተከታዩ ክረምት ወሬው ተመለሰ። ቆቦ እንዲህ ሆነ፣ ወልዲያ እንዲህ ሊሆን ነው ተባለ። እትዬ ፀሐይ በአዲሱ በራቸው ቁልፍ ላይ ቀይ ክር አስረው ሲመጡ ሳይ መቻል አቃተኝ።

«እትዬ፣ አምና እኮ ጥለን ወጥተናል። እኔ ነኝ ያስወጣኋቸው። ዘንድሮም አስወጣቸዋለሁ።»

«አውቃለሁ» አሉኝ፤ እንደ ሞኝ እያዩኝ። «ታዲያ ለማን ልስጥ?»

አክስቴ እጃቸውን ዘረጉ፤ ተቀበሉ። ‹እኔ አለሁ› ግን አላሉም። እትዬ ፀሐይም እንዲሉ አልጠበቁም።

አሁን ወልዲያ ተቀምጬ የሰው ሪሞት ከሰው ሣጥን ጋር አስተዋውቃለሁ፤ እንጀራዬ ሆኗል። ለግራናው ሽማግሌም የትኛው በተን እንደሚዘጋ፣ የትኛው እንደሚከፍት አሳየኋቸው። ሁሉም ግልጽ ነው፤ ቀይ መብራት፣ ጢጥ፣ አለቀ። የእነዚያ የሁለቱ ሴቶች ነገር ነው እስከ ዛሬ ያልገባኝ። ቤቱ እንደማይጠበቅ ሁለቱም ያውቃሉ፤ አንዷ ትሰጣለች፣ አንዷ ትቀበላለች። ባለፈው መርሳ ወርጄ አክስቴን ጠየቅኳቸው። ያን ቀን እኔ አልሄድም ባልል ኖሮ ይቀመጡ ነበር ወይ አልኳቸው። የያዙትን ፓፓያ ልጠው ጨረሱ።

«እንጃ» አሉኝ። «ደህና አድርገሽ ይሆናል።»