በአንድ ምላጭ

የራስ ቆዳ በሽታ ፀጉርን ሊያጠፋ እንደሚችል የተማርሁት ከመጽሐፍ አይደለም። በአሥራ አንድ ዓመቴ፣ ነገሌ ቦረና፣ አናቴ ላይ የሳንቲም ስፋት ያለው አመድማ ክብ ቦታ በጣቴ አገኘሁ። ፀጉሩ አልተነቀለም፤ ከቆዳው እኩል ተሰብሮ ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ቀርቶ ነበር። በየማለዳው ዓይኔን ሳልገልጥ ጣቴን ወደዚያ እሰድዳለሁ፤ በየማለዳው ሰፍቶ አገኘዋለሁ። መላጣ ሆኜ የምነቃበትን ቀን መጠበቅ ጀመርሁ።

እናቴ ሹሩባዬን ስትፈታ አየችው። ተነሥታ በሩን ዘጋች። ቆረቆር መሆኑን አውቃለች፤ ያስፈራት ግን ከበሽታው ይልቅ ስሙ ነበር፤ የገባበት ቤት ቆሻሻ ይባላል። ትምህርት ቤት ደግሞ ሰኞ ሰኞ ከባንዲራ በኋላ አስተማሪው በእርሳስ ጫፍ ፀጉራችንን እየገለጠ ይመረምር፣ የተገኘባትንም በሰልፉ ፊት አቁሞ ወደ ቤቷ ይሰድድ ነበር።

ወተት የምታመጣልን ቦረና ሴት የእኔ እኩያ የሆነች ልጅ ነበረቻት። በወጋቸው ያላገባች ልጃገረድ መሀል አናቷን ትላጫለች፤ ያ ፀጉር እንዲያድግ የሚተወው ስታገባ ነው። እናቴ በዚህ ወግ ውስጥ መደበቂያ ታያት። ልጄ ከልጅሽ ጋር ስላደገች እንደ እርሷ መላጨት አምሯታል ብላ ነገረቻት። ሴትዮዋ ይህን እንደ ክብር ቆጥራ በማግስቱ ምላጭና ቅቤ ይዛ፣ ልጇንም አስከትላ መጣች።

መጀመሪያ የተቀመጥሁት እኔ ነበርሁ። ምላጩ ቅርፊቱ ላይ ሲደርስ የሴትዮዋ እጅ ቆመ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ሙቀት ነው፣ አዴ። ቀጥዪ» አለች እናቴ።

«ናጋ ይሁን፤ ሰላም ያድርገው» ብላ ቀጠለች።

ሲያበቃ ምላጩን በጨርቅ ጠረገችና የራሷን ልጅ አስቀመጠች። እናቴን አየኋት። ማየቴን አውቃለች። ዓይኗን ወደ ወተቱ ዕቃ መለሰች።

ሰኞ አስተማሪው እርሳሱን ቅርፊቱ በቅቤ በተሸፈነው አናቴ ላይ እንዳሳረፈ፣ ከመቼ ወዲህ ቦረና እንደሆንሁ ጠየቀኝ፤ ሰልፉ ሳቀ፤ አለፈኝ። ቁስሉ ግን አላለፈም። በሁለተኛው ወር እናቴ፣ የሚያውቀን ሰው እንዳያየን፣ በጭነት መኪና ክብረ መንግሥት ድረስ ወስዳ ለአንድ ድሬሰር አሳየችኝ። ሰውየው በአጉሊ መነጽር ረጅም ጊዜ ካየኝ በኋላ ያለውን ዛሬም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«እናት፣ ይህ በጊዜ ከታከመ ፀጉሩ ይመለሳል። አብጦ መግል ከያዘ ግን የፀጉሩን ሥር ሊያጠፋው ይችላል፤ ጠባሳ ላይ ፀጉር አይበቅልም። ማበጠሪያዋን ወይም ምላጯን የተጋራ ሰው አለ?»

«ማንም የለም» አለች እናቴ።

ድሬሰሩ ወደ እኔ ዞረ። እኔም «የለም» በሚል ራሴን ነቀነቅሁ። ለሳምንታት የሚወሰድ ኪኒን ሰጥቶን፣ ቅባት ስለሚያስፈልገው ከወተት ጋር እንድውጠው አዘዘ።

ስለዚህ በየማለዳው መድኃኒቴን የምውጠው ያቺ ሴት ባመጣችው ወተት ነበር፤ አንዳንዴም ገና ከግቢው ሳትወጣ። ልጇ ከጎኗ ትቆማለች። እኔ ፊቷን አላይም ነበር፤ አናቷን ነበር የማየው። መጀመሪያ ፎረፎር የሚመስል ነጭ ብናኝ ታየ። ቀጥሎ ክቡ መጣ። እናትየዋ የሰው ዓይን ነው ብላ ትኩስ ቅቤ አፈሰሰችበት፣ አመድ ነሰነሰችበት፤ አበጠ፣ ይመግልም ጀመር። ልጅቱ አንገቷን ማዞር አቃታት። እያንዳንዱን ደረጃ አስቀድሜ አውቀው ስለነበር፣ የሚቀጥለውን እየጠበቅሁ ሌሊቱን እንቅልፍ አጣ ነበር። ኪኒኑ በእጄ ነበር። አንድ ቃል መናገር ይበቃ ነበር። ብናገር ግን የእናቴ ውሸትና የእኔ ቆረቆር አብረው ይወጣሉ፤ ይህን ከእርሷ ቁስል አብልጬ ፈራሁት።

የእኔ ፀጉር በአራተኛው ወር ተመለሰ። እናቴ ልጇን አዳነች፤ አልክድም። በማን ዋጋ እንዳዳነች ግን ስለማውቅ እስክትሞት ድረስ አላመሰገንኋትም።

ከዓመታት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ለዕረፍት ነገሌ ተመለስሁ። ያቺ ልጅ አግብታ፣ በእናቷ ፋንታ ወተት ይዛ መጣች። ካገባች ወራት አልፈው ነበር፤ ፀጉሯ አድጎ ሹሩባ መሠራት ነበረበት። ሻሿን አውርዳ ከፊቴ ቁጭ አለችና አናቷን እንድመለከትላት ጠየቀችኝ። ዙሪያውን ያደገ ለስላሳ ፀጉር ነበር። መሀሉ ግን የሚያብለጨልጭ፣ ቀዳዳ የሌለው፣ ሙት ቆዳ። በጣቴ ዳሰስሁት፤ ያኔ የራሴን በዳሰስሁበት ጣት።

«ሌላው ፀጉሬ ሁሉ ሴት ሆኗል፤ እሱ ብቻ ልጃገረድነቱን አልለቅም አለ» ብላ ሳቀች። ሳቋ አጭር ነበር። አማቷ ሹሩባዋን ለመሥራት በማግስቱ እንደምትመጣ፣ ይህን ካየች ምን እንደምትል እንደማታውቅ ነገረችኝ። ቀጥላም፣ «አንቺ ተምረሻል፤ አብረን ነው የተላጨነው፤ ያንቺ እንዴት በቀለ?» አለችኝ።

እጄ አናቷ ላይ እንዳለ ቀረ። ድሬሰሩ የጠየቀን ጥያቄ ሁለተኛ ጊዜ የመጣብኝ መሰለኝ።

«እንጃ» አልኋት።

ከዚያም ዙሪያውን ያለውን ፀጉር ወደ መሀል ስቤ፣ ጠባሳው እስኪሸፈን ድረስ በጥንቃቄ ጎነጎንሁት።