ቴፑን ላመጣ አሊዩ አምባ ወረድኩ

በደርግ ዘመን ደብረ ብርሃን ውስጥ የመሥሪያ ቤት ተላላኪ ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካወጣሁ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። የተማረ ሰው ሲያዝዘኝ ያናድደኛል። አንድ ቀን አለቃዬ "አሊዩ አምባ ሂድና ቴፑን ይዘህ ና" አለኝ። እዚያ ያሉ መምህራን ከኮሌጅ በካሴት የሚላክላቸውን ትምህርት እያቆሙ ይጨቃጨቃሉ፣ ከሌሎች ወደ ኋላ ቀርተዋል ተብለው ተከሰው ነው። ቴፑ ከተወሰደ ዲፕሎማቸው ቀረ ማለት ነው። እኔ ምን ቸገረኝ?

ጠዋት፣ ወደ አንኮበር

ሁለት ብር ከፍዬ በጭነት መኪና፣ የገብስ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሄድኩ። መንገዱ አንጀት ያላውሳል። አንኮበር በጉም ተሸፍኗል። እጄ በብርድ ከመደንዘዙ የተነሣ ቆሎ መዝገን አቃተኝ።

ከቀትር በኋላ፣ ቁልቁለቱ

በእግሬ ወረድኩ። መጀመሪያ ካፖርቴን፣ ቀጥሎ ሹራቤን አወለቅሁ። አሊዩ አምባ ስገባ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል።

መምህራኑ ቴፑን ከበው አገኘኋቸው። የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

"ይቺን ካሴት እንጨርስና ይወስዱታል። ይቀመጡ ጋሼ" አለኝ መምህር ሰይድ፣ የአገሩ ልጅ።

ካሴቱ "ሙቅ አየር ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል" ሲል ሰይድ አቆመው። የአንኮበር ቄስ ልጅ የሆነችው መምህርት አሰለፈች ተነሥታ ቆመች። ልማዳቸው ነው፤ ካሴት ስለማይጠየቅ አንዱ በተራው በካሴቱ ቦታ ሆኖ ይሟገታል፣ እንደ ድሮ ችሎት።

"ተጠየቂ!" አለ ሰይድ ኩታውን አጣፍቶ። "ሙቁ አየር ወደ ላይ ከወጣ፣ ላይ ያለው አንኮበራችሁ ለምን ይንቀጠቀጣል? ታች ያለነው እኛ ለምን እንጠበሳለን?"

"የአሊዩ አምባ ነጋዴ ሙቀቱንም ካልሸጥኩ አላሳልፍም ብሎ ነዋ!" አለች አሰለፈች።

ሳቁ። "ወላሂ፣ ቀልድ መልስ አይሆንም!" አለ ሰይድ።

ካሴቱን መልሰው ሰሙት። መልስ የለበትም። አሰለፈች "ተረታሁ" አለችና ወደ እኔ ዞረች። "ጋሼ ዛሬ ሁለቱንም አገር ቀምሰዋል፤ እርስዎስ ምን ይላሉ?"

"እኔም አልገባኝም" አልኩ። ማንም አልሳቀብኝም። እኔ በተማርኩበት ክፍል ግን መምህሩ ያለውን ተከትሎ መጮህ እንጂ መጠየቅ አልነበረም። ቴፑን እዚያው ትቼ ተመለስኩ።

በማግስቱ፣ ደብረ ብርሃን

"ቴፑስ?" አለ አለቃዬ።

"ጥያቄ አላቸው" ብዬ የሰይድን ነገር ነገርኩት። "መልሱን ይስጡኝና ሄጄ አመጣዋለሁ።"

ጥያቄውን አስደገመኝ። "ለኮሌጁ ይጻፍ" አለ በመጨረሻ። "እስከዚያ ቴፑ እዚያው ይቆይ። አንተ ግን ትእዛዝ ስላልፈጸምክ ትቀጣለህ።"

ደመወዜን ቆረጡኝ። ቤቴ ገብቼ እግሬን ታጥቤ ተኛሁ፤ አልቆጨኝም። የማይጠየቅ ትምህርት አዋጅ ነው። አዋጅ ደግሞ ያን ጊዜ ሞልቶን ነበር።