የማልወዳቸው የወጣቶች ልብወለዶች

ጂንካ በሚገኘው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሥራ የጀመርኩት መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ነው። በመጀመሪያው ቀን ኃላፊያችን አቶ መኮንን እርጥብ ጨርቅ ሰጡኝና አቧራ የለበሰ መደርደሪያ ፊት አቆሙኝ። «ስንተኛ ክፍል ደርሰሃል?» አሉኝ። ትምህርት ቤት ብዙ እንዳልቆየሁ፣ ማንበብ የለመድኩት በገዘር ከተማ ገበያ ዕቃ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ እንደሆነ ነገርኳቸው። «እንግዲያው እየወለወልክ አንብብ፤ ግን አትቀመጥ» አሉ። እስከ ዛሬ ቆሜ ነው የማነበው። ተቀምጬ ገጽ መግለጥ አልሆነልኝም።

ከጽዳት ወደ መደርደሪያ፣ ከመደርደሪያ ወደ ውሰት ክፍል አለፍኩ። በመጨረሻ የልጆችና የወጣቶች ክፍል ኃላፊ ሆንኩ። አዲስ መጽሐፍ ሲመጣ ማኅተም እመታለሁ፣ ጀርባው ላይ ቁጥር እለጥፋለሁ፣ የውሰት ካርዱን አስገባለሁ። ወደ መደርደሪያ ከማውጣቴ በፊት ግን እስከ መጨረሻው አነበዋለሁ። ይህን ማንም አላዘዘኝም። ያልቀመሱትን ለሰው ልጅ አያቀርቡም ብዬ ነው።

አንድ ዓመት በካርቶን የመጡልን ልብወለዶች ሰላም ነሱኝ። ግማሾቹ ስለ አስማተኛ ልጆችና ስለሚናገሩ አውሬዎች ናቸው። ግማሾቹ ወደፊት ስለሚመጣ ክፉ ዘመን ያወራሉ፤ ገዥዎች ልጆችን በምልክት ይለያሉ፣ ውሃ በካርድ ይታደላል፣ ማንበብ ያሳስራል። በሁሉም ውስጥ አንድ ተመርጦ የተወለደ ልጅ ዓለምን ያድናል።

አስማቱን በእምነቴ ምክንያት አልወደድኩትም። ተመርጦ የተወለደው ልጅ ግን ከአስማቱም ባሰብኝ። ልጅ መመረጡን እየጠበቀ ከተቀመጠ ማን ያጠናል? የክፉው ዘመን መጻሕፍት መጨረሻቸውም ችኩል ነው። ልጆቹ የገዥውን ግንብ ያፈርሱና መጽሐፉ ያልቃል። በማግስቱ ውሃውን ማን ያከፋፍላል? ሥርዓት ሲለወጥ ያየ ሰው ይህን ሳይጠይቅ አያልፍም።

ያኔ ዘጠነኛ ክፍል የነበረችው ልጄ ሩት ትስቅብኝ ነበር።

«አባዬ፣ ካልወደድከው ለምን ደግመህ ታነበዋለህ?»

«ስህተቱን ልለቅም።»

«ስህተት የሚለቅም ሰው ራቱን አይረሳም።»

እውነቷን ነበር። ዝም በይ አልኳት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሩት ከእነዚህ ልብወለዶች በአማርኛ ጮክ ብላ ለልጆች ታነብ ነበር። አማርኛ ገና ላልገባቸው ልጆች፣ ትልልቆቹ ተማሪዎች በየቋንቋቸው ይተርኩላቸዋል። ለሐመር ልጆች የምትተርከው ዱካ የምትባል አዳሪ ተማሪ ነበረች።

ከዚያ የወላጆች አቤቱታ መጣ። አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ቢሮዬ ገቡ። «ወንድሜ፣ ልጄ ጓሮ ቆሞ ዱላ እያወዛወዘ ፍየሏን ፈረስ ሊያደርጋት ነው! አንተ አማኝ አይደለህም?»

«ፈረስ ሆነች?»

«አልሆነችም!»

«እንግዲያው ተምሯል።»

ሳቃቸው አመለጣቸው፤ አቤቱታውን ግን አልተዉትም። ጉዳዩ ለኮሚቴ ቀረበ። ኮሚቴውም የክፍሉ ኃላፊ አስተያየት ይስጥ አለ። መጻሕፍቱ ከመደርደሪያ ከተነሱ የቅዳሜው ንባብም መዘጋቱ ነው። ሩት ሰማች። «አንተ ይነሱ ካልክ ይነሳሉ» አለችኝና ሳምንቱን ሙሉ አኮረፈችኝ። እኔም ምን እንደምል ሳላውቅ በመደርደሪያዎቹ መካከል ስመላለስ ከረምኩ።

ከስብሰባው በፊት በነበረው ቅዳሜ ከልጆቹ ጀርባ ቆምኩ። ሩት ጀግናው ለማንም ሳይናገር ብቻውን ከከተማው የሚጠፋበትን ምዕራፍ አነበበች። አጭር ነው። ዱካ ግን በሐመርኛ ትረካዋን አረዘመችው። እኔም ከገበያ በለቀምኳት ጥቂት ሐመርኛ፣ ስለ አጎትና ስለ ፍየሎች እንደምታወራ ገባኝ።

«ዱካ፣ አጎት መጽሐፉ ውስጥ የለም።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ፍየሎቹስ?»

«እነሱም የሉም። ግን ልጁ ያለ ወገንና ያለ ፍየል ብቻውን ከወጣ እነዚህ እብድ ነው ብለው ይተዉታል። የእናቱን ወንድም ሳያማክር ማን መንገድ ይጀምራል?»

ትንንሾቹ መጮህ ጀመሩ። ምን እንደሚሉ ጠየቅኳት።

«አጎቱ አብሮት ይሂድ ወይስ እናቱን ለመጠበቅ ይቅር ብለው ነው። ይሄ ይቅር ይላል፣ ያቺ ፈሪ ነህ ትለዋለች።»

እኔ ለብቻዬ የምሟገተውን መጽሐፍ እነሱ ተሰብስበው ይሟገቱት ነበር።

በስብሰባው ላይ ሰብሳቢዋ፣ «በአጭሩ፣ ጥሩ ናቸው ወይስ መጥፎ?» አሉኝ።

«አብዛኞቹ መጥፎ ናቸው።»

ሽማግሌው በእርካታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ስለዚህ ይነሱ?»

«አይነሱ።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ልጆቹ ዝም ብለው አያምኗቸውም፤ ይሟገቷቸዋል። እኔ የምወዳቸውን የምክር መጻሕፍት ሳነብላቸው ግን እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።»

ሽማግሌው ተቆጡ። አንድ አባል፣ «አቋምህ ምንድነው? ሪፖርት ላይ ምን ብለን እንጻፍ?» አለ። ይህንኑ ጻፉ አልኩ። ክርክሩ ረዘመ፤ በመጨረሻ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ አብሬ እንድገኝ ተወስኖ መጻሕፍቱ ቀሩ።

ሩት በር ላይ ጠበቀችኝ። «አመሰግናለሁ አባዬ።»

«አታመስግኚኝ። መጥፎ ናቸው ብያለሁ።»

«ሰምቻለሁ። መስኮቱ ክፍት ነበር።»

ዛሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። አዲስ ልብወለድ ሲገባ ግን እቤት መቀመጥ ስለማልችል ሄጄ አነበዋለሁ፤ ተመርጦ የተወለደው ልጅም አሁንም ያናድደኛል። ለወጣት ባልደረቦቼ የምለው አንድ ነገር ነው። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የማይወደውንም መጽሐፍ ያውሳል። ልጁ ሲመልሰው፣ ወደድከው ወይ ብሎ ሳይሆን፣ ምኑ ላይ አልተስማማህም ብሎ ይጠይቀው።