የዘንድሮ ጾምሽ መብላት ነው

ወባው ለቀቀኝ፤ ጉልበቴን ግን ይዞት ሄደ። ሸዋ ሮቢት አስፋልት ዳር ለሹፌሮች ምግብ የማበስል ሴት ነኝ፣ ቆሜ መዋል እንጀራዬ ነው። ያን ኅዳር ግን ከአልጋዬ ወርጄ ደጅ ለመድረስ እንኳ ልጄን መደገፍ ነበረብኝ። ሐኪሙ «ደምሽ አልቋል፣ በደንብ ብዪ» አለኝ። ዳግም በእግሬ እቆም ይሆን? ቀን ከሌት የማስበው ይህንኑ ነበር።

በዚህ መሀል የነቢያት ጾም ገባ። ነቢያቱ የጌታን መምጣት እየጠበቁ የጾሙትን ጾም እኔ ምን ቆርጦኝ እሽራለሁ? «ሞቼ ነው ቆሜ!» አልኩ። ልጄ ሄዳ ለንስሐ አባቴ አሳበቀችብኝ። መጡና ፊቴን አይተው፣ «የዘንድሮ ጾምሽ መብላት ነው» አሉኝ።

«አባ፣ ወተት? በጾም?»

«ወተትም፣ እንቁላልም። አንቺ ብዪና ጠብቂ፤ የቀረው የእግዚአብሔር ነው።»

እንዴት እንደተናደድኩ! ከልጅነቴ ጀምሮ ጾም ገድፌ አላውቅም። ግን የንስሐ አባት ቃል አይታለፍም።

ወተቱን የምታመጣልኝ ሙስሊሟ ጎረቤቴ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ፍየሎቿን አልባ ትኩሱን ይዛልኝ ትገባለች። ዓይኔን ጨፍኜ ስጠጣው ትስቅብኛለች። «እኛ ጋም በረመዷን የታመመ ይበላል፣ ሲሻለው ይተካል። ሶብር አድርጊ፣ ታገሺ፣ እህቴ» ትለኛለች። ልጄ ደግሞ የተቀቀለ እንቁላል እየላጠች «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ትላለች።

«እንቁላሉን በላሁት እኮ! የት ሊሄድ?» እላታለሁ።

ታኅሣሥ ገብቶም ብቻዬን ልነሣ ስሞክር ጉልበቴ ከዳኝ። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። «ጌታዬ፣ የታዘዝኩትን እየበላሁ ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?» አልኩት። በማግሥቱ ወተቱ ሲመጣ ግን ዓይኔን አልጨፈንኩም። አማተብኩና «አቤቱ፣ ጠብቄሃለሁ» ብዬ ጠጣሁት። ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ እንዲያ አደረግሁ። መጾም ለካ ከዚህ ይቀል ነበር! ሲጾሙ ቢያንስ አንድ ነገር እየሠራሁ ነው ይባላል፤ እኔ ግን መቀበል ብቻ ነበር ሥራዬ።

መቼ እንደተሻለኝ በትክክል አላውቅም። አንድ ቀን ግድግዳ ይዤ ደጅ ወጣሁ። ሌላ ቀን ሳልይዝ ወጣሁ። ከዚያ ምድጃው አጠገብ በርጩማ አስቀምጬ ሽሮ ማማሰል ጀመርኩ፣ ውሎ አድሮ በርጩማውን ለደንበኛ ሰጠሁት።

ገና ሊሆን ሁለት ቀን ሲቀረው አባ በምግብ ቤቴ በር አለፉ። ቆሜ ሽንኩርት ስከትፍ አዩኝና ጠጋ አሉ።

«ነገ የገና ዋዜማ፣ ጋድ ነው» አሉ። «ነገን ጹሚ።»

እጃቸውን ሳምኩ። ሌላ ሰው ሥጋ ሲፈቀድለት እንደዚያ ደስ አይለውም።

በማግሥቱ ቅዳሴ ቆምኩ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሆዴ ይጮህ ጀመር፤ አጠገቤ የቆመችው ልጄ ሰምታ «እማዬ፣ ራበሽ እንዴ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«በጣም!» አልኳት፤ እንባዬ መጣ። እንደዚያ ቀን ረሃብ ጣፍጦኝ አያውቅም።