በእማዬና በእህቴ መካከል የያዝኩት ስልክ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ንስሐ አባቴ ፊት ስንት ጊዜ ተንበርክኬ፣ ጥቃቅኑን ኃጢአት ሁሉ ዘርዝሬ፣ ይኼኛውን ምላሴ ሥር ደብቄ ተነሥቻለሁ። አሁን የምጽፈውም ደፋር ሆኜ አይደለም፤ ወረቀት ዐይን ስለሌለው ነው። አንተ አንባቢው ፊቴን አታይም፣ እኔም ያንተን አላይም። እንዲህ ሲሆን ጎበዝ ነኝ እኔ።

አናጢ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ሚዛን ተፈሪ፣ በጎልማሶች ትምህርት። በስልክ መልእክት መጻፍ የቻልኩ ቀን አገሩ ሁሉ የኔ መሰለኝ። የምጽፈው ግን ለአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ቴፒ ለምትኖረው ለታላቅ እህቴ ለእትዬ አለምነሽ። እሷ ማንበብ አትችልም። ቡና በምትለቅምበት መጋዘን እታገኝ የምትባል፣ እስከ ስምንተኛ የተማረች ጓደኛ አለቻት። መልእክቴን ጮክ ብላ ለለቃሚዎቹ ሁሉ የምታነበው እሷ ናት። ይህን ስለማውቅ እያሳመርኩ እጽፍ ነበር። ጎረቤቴን፣ አሠሪዬን፣ ጥላኝ የሄደችውን ሚስቴን ሳይቀር እየሰደብኩ አስቃቸው ነበር።

እናታችን እኔ ዘንድ ነበረች፣ አማን ከተማ። እግሯ ሲከዳት እትዬ ከቴፒ መጣች።

"ስጠኝ፣ እኔ ልውሰዳት። አንተ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነህ።"

"ወንድ ልጅ እያላት እናቴ ሰው ቤት አትሞትም" አልኳት።

"ደግሞ የኔ ቤት ሰው ቤት ሆነ? ወንድነትህን ሌላ ቦታ ሂድና አሳይ!"

አኩርፌ ሸኘኋት። እማዬን አስቀረኋት። አስቀርቼስ ምን አደረግኩላት? ጠዋት ውሃና ዳቦ አጠገቧ አኖርና በሩን ከውጭ ቆልፌ እወጣለሁ። የተኛችበት ክፍል ጣራ ያፈሳል፤ ዝናቡን ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ እኛ ዘንድ አያባራም። እኔ የሰው ጣራ ስመታ የምውለው ሰውዬ የእናቴን አንዲት ቆርቆሮ አልቀየርኩም። ፍራሹ ረጠበ። ጀርባዋ ቆሰለ። ድህነት ነው እንዳልል ቆርቆሮው ግቢዬ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር። ስንፍና ነው? በሚስቴ የያዝኩትን ቂም በማን ላይ ነበር የምወጣው? አላውቅም ብል ይቀለኛል። አውቃለሁ።

እማዬ ያረፈችው በጠዋት ነው። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ወልዴ ወዲያው ሰው መደበ። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ሁላችን እናውቃለን፤ በስልክ አይነገርም፣ በወረቀት አይነገርም። ሽማግሌና ዘመድ ጎህ ሲቀድ ደጃፍ ይደርሳል፣ ጎረቤት አስቀድሞ ይሰማል፣ የሚይዝ እጅ ይዘጋጃል፤ ቃሉ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

"ነገ ጎህ ሲቀድ ቴፒ እንደርሳለን" አለኝ ጋሽ ወልዴ። "አንተ ከፊት ትሆናለህ። ስትወድቅ የምትይዛት አንተ ነህ።"

ከፊት! በሩን ስትከፍት ዐይኗ መጀመሪያ የሚያርፈው እኔ ላይ ነው። "መቼ ታመመች?" ትለኛለች። ምን እላታለሁ? ከሰዓት በኋላ ከቤቱ ጀርባ ዞርኩና ስልኬን አወጣሁ። "እማዬ ዛሬ አረፈች። ቀብሩ ነገ ነው። ነይ።" ብዬ ላክሁ። አንድ ፊደል አልሳትኩም። አራት ነጥቡን እንኳ አልረሳሁም።

መጋዘኑ ውስጥ የሆነውን ለቅሶ ላይ የነገረችኝ ራሷ እታገኝ ናት። ስልኩ ሲጮህ እህቴ ደስ ብሏት "ወንድሜ ጻፈ! አንብቢልን" ብላ አቀበለቻት። "ያ ምላሰኛ ዛሬ ደግሞ ማንን ሊሰድብ ነው?" አለች አንዷ። ሴቶቹ ገና ሳይሰሙ ሳቁ። እታገኝም እየሳቀች ጀመረች፤ ምን እያነበበች እንደሆነ የገባት "አረፈች" ካለች በኋላ ነው። "ምነው አፌን በቆረጠው!" ትለኝ ነበር እያለቀሰች፣ ጥፋቱ የሷ ይመስል። እህቴ ቡናው ላይ ወደቀች። ያነሷት ባዕዳን ናቸው።

ሽማግሌዎቹ ሲሰሙ ጋሽ ወልዴ ሊመታኝ ምንም አልቀረው። "ሰው ጠላቱን እንኳ እንዲህ አያረዳም!" አለ። "ደንግጬ ነው፣ ቀብሩ እንዳያመልጣት ብዬ ነው" አልኩ። ከመካከላቸው አንዱ "ተዉት እስቲ፣ ትናንት ፊደል የቆጠረ ሰው፣ ምን ያውቃል?" አለ። ይህን ሰበብ እንደ ጋቢ ተከናነብኩት። አላውቅም ነበር እንዴ? ከማንም በላይ አውቅ ነበር። ማንበብ እንደማትችል አውቃለሁ። ማን እንደሚያነብላት አውቃለሁ። አውቄ ላክሁት።

እትዬ እስክትደርስ ፍራሹን ግቢው ጥግ አቃጠልኩ። እማዬን የገነዟት ሰዎች ጀርባዋን አይተዋል፤ ቀና ብለው አዩኝና መግነዛቸውን ቀጠሉ። ጣራውን የጠገንኩት ከአርባዋ በኋላ ነው። አንድ ሰዓት አልፈጀብኝም።

እትዬ ሐዘኑ ሲበርድላት ምን አለችኝ መሰላችሁ? "በመልእክቱ ተቀይሜህ ነበር፤ ይቅር ብያለሁ። አንተ ባትኖር እማዬን ማን ይጦራት ነበር?" ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። እኔም አንገቴን ደፍቼ ተሳምኩ።

ግን ኑዛዜዬ መልእክቱ አይደለም። መልእክቱን አገር ያውቀዋል። ማንም የማያውቀው ይኼን ነው።

እትዬ በየእሁዱ ትደውል ነበር። "እማዬ እንዴት ናት?" "ደህና ናት።" "ልምጣ እንዴ?" "ምን ልታደርጊ?" በስልክ ደህና ናት ማለት እንዴት ይቀላል! ፊቷ ቆሜ ቢሆን አፌን ሳልከፍት ታውቅብኝ ነበር። እማዬ ልታርፍ ሳምንት ሲቀራት እንደ ልማዷ ደወለች። እኔ እማዬ አጠገብ ተቀምጫለሁ። "ድምጿን ብቻ አሰማኝ" አለችኝ። እማዬ ከስልኩ የሚወጣውን ሰማች። "አለምዬ ናት?" አለችና እጇን ዘረጋች። ብሰጣት ሁሉን ልትነግራት ነው። እትዬም በማግስቱ ልትመጣ ነው፣ ፍራሹን ልታይ ነው። ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩ። ያን እጅ እያየሁ፣ ዐይኗን እያየሁ "ተኝታለች" አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም። እማዬ እጇን ወዲያው አላጠፈችም።

እስከዚህ ጽፌ ወረቀቱን አስቀመጥኩት። ለማን ነው የምጽፈው? በጽሑፍ ያረዳኋትን ሴት ደግሞ በጽሑፍ ልናዘዝላት ነው? ባለፈው እሁድ ተነሥቼ በሚኒባስ ቴፒ ገባሁ።

"ውይ! ምነው ሳትደውል?" አለች እትዬ በሩን ከፍታ። "ግባ፣ ምሳ ደርሷል።"

"አልበላም። እትዬ፣ ተቀመጪ።"

ቆሜ ነገርኳት። ጣራውን፣ ፍራሹን፣ ስልኩን። ዐይኗን ከዐይኔ አልነቀለችም። ትጮኻለች፣ ትረግመኛለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም።

"እጇን ዘረጋች?"

"አዎ።"

"የቱን?"

"ቀኙን።"

 ልጅ ነገር እንደሚጠይቅ አድርጋ፣ በቀስታ፣ "ምን ልትለኝ ኖሯል?" አለችኝ።

አላውቅም። ማንም አያውቅም፤ እንዳይታወቅ ያደረግኩት እኔ ነኝ። እግሯ ሥር ወድቄ "ይቅር በይኝ" አልኳት።

"እሱን አይደለም የጠየቅኩህ" አለችኝ።