ጋሽ ወልዴ «ያባከኑት» ወረቀት

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ልደታ አካባቢ በነበረ አንድ የሙያ ትምህርት ቤት ነው። ዓመቱን በትክክል አልይዘውም። ያን ቀን ባስታወስኩ ቁጥር ግን አፌን ሬት ሬት ይለኛል።

እኔ በላቸው የጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ፤ ትምህርቴም ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ከምሥራቅ ጀርመን የከዋክብት ማያ ቴሌስኮፕ ተፈታትቶ በሣጥን መጣልን። መግለጫው በሙሉ በጀርመንኛ ስለሆነ መምህራኑ መግጠም አቃታቸው። ወደ እንግሊዝኛ ይተርጎምልን አሉ።

የመዝገብ ቤቱ ጋሽ ወልዴ ከአብዮቱ በፊት አንድ ጀርመናዊ መነጽር ሠሪ ዘንድ ብዙ ዓመት ሠርተዋል። ኃላፊያችን እስኪ ይሞክሩት አላቸው። እኔ ዕቃውን አንድ በአንድ እያነሣሁ እይዝላቸዋለሁ። እሳቸው «ስሙን ከመጻፌ በፊት ሥራውን ልየው» ይላሉ። ዓይን የሚጠጋበትን ቁራጭ ጀርመኑ ኦኩላር ይለዋል። አገላብጠው፣ አይተውበት፣ በእንግሊዝኛ አይፒስ ብለው ይጽፋሉ። ካልጣማቸው ሰርዘው ሌላ ወረቀት ያነሣሉ። ሦስት ሳምንት ፈጀ። የተጣለውን፣ ጀርባው ንጹሕ ስለሆነ፣ ለልጄ መለማመጃ እወስደው ነበር።

የተተረጎመው የዕቃ ዝርዝር በታይፕ ሲወጣ ከሥሩ የኃላፊው ስም ብቻ አለበት። ጋሽ ወልዴ ኃላፊው ቢሮ ገብተው «የእኔም ስም ቢገባ» ብለው በትሕትና ጠየቁ።

በሳምንቱ የሂስና ግለሂስ ስብሰባ ሆነ። ኃላፊው ተነሣና ጓድ ወልዴ የመንግሥትን ወረቀት ለግል ጽሕፈት አባክነዋል፣ በሥራ ሰዓትም ቀልደዋል፣ ስለዚህ ክፍለ ሀገር ይዛወሩ አለ። ሰውየው ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ነው የቀራቸው፤ ባለቤታቸውም አልጋ ላይ ናቸው። ለልጄ ከወሰድኩት አንዱ፣ የዕቃው ስም የተጻፈበት የእጅ ጽሑፋቸው፣ ተጣጥፎ እኔ ኪስ ውስጥ ነበር። ተነሥቼ ባሳየው ይበቃ ነበር።

«የሚደግፍ እጁን ያውጣ» ተባለ።

አወጣሁ።

ዕቃ ሲሸክፉ ልረዳቸው ጌጃ ሰፈር ቤታቸው ሄድኩ። አልተቆጡም። ቀኝ እጄን ይዘው አዩትና «በላቸው፣ ይቺ እጅህ ዕቃውን ስትይዝልኝ አልተንቀጠቀጠችም ነበር። ስብሰባው ላይም አየኋት፤ ቀጥ ብላ ነው የወጣችው» አሉኝ።

ያ ኃላፊ ዛሬም ትዝ ሲለኝ እንትፍ እላለሁ። ግን እሱስ ሌባ ነበር፣ የሌባ ሥራ ሠራ። እኔ ምን ነበርኩ?

አሁንም እድር ላይ ድምፅ ስጡ ሲባል ቀኝ እጄን ኪሴ ከትቼ እቀመጣለሁ። ጎረቤቶቼ ብርድ ይመስላቸዋል።